ተሸካሚው ደክሟል

ከዚህ በታች በተጻፈው ላይ አንድም ቃል አልተጨመረም፤ እንዲያውም አንባቢ እንዳይደነግጥ ተብሎ ግማሹ ተቀንሷል። ወላሂ! በወላሂ የማይረታ ካለ በእመብርሃን። በሁለቱም አላምንም የሚል ደግሞ ሀፍላ፣ የከተማ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ተሳፍሮ ካርቱም፣ ዴም ሠፈር ይምጣና ሃያ ሰባቱን ምስክሮች አንድ በአንድ ይጠይቅ። ሃያ ስምንት ነበሩ፤ አንዱ ወደ ሊቢያ ሄዷል።

ቢልልኝ መሐንዲስ ነው። መሐንዲስ ሲባል ደግሞ ሜትር ይዞ የሚንጎራደደው ዓይነት አይደለም፤ የሕንፃን አጥንት የሚያሰላው ነው። ሌላው ሰው ቤት ሲያይ ቀለሙንና መስኮቱን ያያል። ቢልልኝ ልስኑን አልፎ ውስጥ ያለውን ብረት ይቆጥራል። ሲሚንቶ አሽትቶ ከፋብሪካ ከወጣ ስንት ሳምንቱ እንደሆነ ይናገራል። ፌሮ በጥርሱ ነክሶ ውፍረቱን እስከ ግማሽ ሚሊ ያውቃል። አገሩ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሠራ የተከላቸው ድልድዮች ቢቀጣጠሉ ከደሴ ተነስተው ካርቱም ይገባሉ፤ ወንዝ አልቆበት ድልድዩን አስቀድሞ ሠርቶ ወንዝ ፈልጉልኝ ያለበት ጊዜም ነበር።

ፊርማው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንድ ባለሀብት ለስድስት ፎቅ በተቆፈረ መሠረት ላይ ዘጠኝ ካላቆምኩ ብሎ ፊርማውን ሲጠይቀው፣ ቢልልኝ እስክሪብቶውን በመስኮት ወረወረው። እስክሪብቶው ሦስት ቀበሌ አልፎ ነው የወደቀው። ሰውየው ለምኖ፣ አስለምኖ፣ አስፈራርቶም አልሆነለት፤ ያ ሕንፃ እስከ ዛሬ ስድስት ፎቅ ነው። አንድ ሰው "አይሆንም" ብሎ ስላልፈረመ ብቻ ሦስት ፎቅ ሰማይ ላይ ቀረ። በቢልልኝ ዕድሜ ከዚህ የሚበልጥ ኩራት አልነበረም።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። የሚሠራበት የመንገድ ፕሮጀክት ቆመ፤ ካምፑ ተዘረፈ፤ መሥሪያ ቤቱም ተበተነ። ቢልልኝ ዲግሪውን በሦስት ፌስታል ጠቅልሎ በመተማ ወጣ። ለሦስት ወር ነው ብሎ ነበር። ሁለተኛው ክረምት ሲገባ፣ ሱዳኖቹ ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ማለት ነው፣ ቢልልኝ ዴም ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ሲሚንቶ ይሸከም ነበር። ኢቃማ የለውም፤ ኢቃማ የመኖሪያ ወረቀት ነው፤ ያ ከሌለህ ፖሊስ ባየህ ቁጥር ግድግዳ ትሆናለህ።

የሚሠራው ሀጅ ተውፊቅ ቤት ነበር። ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ እስከ አፍ ገደፉ ሀበሻ ተከራይቶበታል፤ በአንድ ክፍል ሰባት ሰው፣ ሲተነፍሱ እንኳ በተራ ነው። ሀጁ በላዩ ሌላ ፎቅ ሊጨምሩ አስበው ኡስታ ሳዲቅ የሚባለውን ግንበኛ ቀጠሩ። ኡስታ ሳዲቅ ሠላሳ ዓመት የገነባ፣ ፕላን የሚባል ነገር እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው ነበር።

ቢልልኝ በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ደረጃው ሲዞር፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ዓምድ አየ። ዓምዱ ያለው ከናስራ በር ፊት ለፊት ነው። ናስራ የከሚሴ ልጅ ናት፤ አል-ጣኢፍ ሠፈር አንድ ቤት ልብስ እያጠበች የስድስት ዓመት ልጇን አሚናን ታሳድጋለች። ዓምዱ ላይ ምስማር መትታ መስታወቷን ሰቅላበታለች፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ቆማ ሻሿን ታስተካክላለች። ከመስታወቱ ሥር አንድ ስንጥቅ በሰያፍ ወርዷል። ስንጥቅ ስልህ፣ ድመት ገብታ የምትወልድበት ስንጥቅ!

ከረጢቱን አውርዶ በጥፍሩ ጫር አደረገው። ልስኑ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጎ ቀልቷል። ፌሮዎቹን እንደ ቀበቶ የሚያስራቸው ቀጭን ብረት ደግሞ ጭራሽ የለም።

በዚያ ቀን ምሳ አልበላም። የተቀደደ የሲሚንቶ ከረጢት ገልብጦ፣ በከሰል ሲያሰላ ዋለ። የጣራውን ክብደት፣ የሰውን፣ የአልጋውን፣ የውሃ በርሜሉን ሳይቀር ደመረ። ሦስት ጊዜ ደመረ፤ ሦስቴም ያው መጣ። ዓምዱ አሁን የቆመው በስሌት ሳይሆን በይሉኝታ ነው። አንድ ፎቅ ቢጨመርበት ከናስራ በር ጀምሮ ሁሉም ይወርዳል።

ቢልልኝ ያኔ ዐረብኛው "ውሃ"፣ "ስንት ነው" እና "ይቅርታ" ብቻ ነበር። ስለዚህ ጃፋርን ያዘ። ጃፋር አብሮት የሚሸከም ጎረምሳ ነው፤ ካርቱም ተወልዶ ያደገ፤ አማርኛው ከእናቱ ጓዳ የወጣ፣ "ብላ"ና "ተኛ"ን ያለፈ ነገር ሲመጣ የሚደናበር።

"ጃፋር፣ ለሀጁ ንገርልኝ" አለው። "ቃል በቃል፣ እሺ? ተሸካሚው ደክሟል በላቸው። አሁን ያለበትንም በግድ ነው የቻለው። ከዚህ በላይ ከተጫነበት ይወድቃል። ሰው ይሞታል።"

"ተሸካሚው?"

"ተሸካሚው!"

"ይሞታል?"

"ይሞታል ነው የምልህ! ያላ፣ ንገራቸው!"

ጃፋር ፊቱ ጠቆረ። ሄዶ በሀጁ ጆሮ ረዘም ያለ ነገር አወራ። ሀጅ ተውፊቅ መቁጠሪያቸውን አቁመው ቢልልኝን ከላይ እስከ ታች አዩት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ወላሂ፣ አንድ ባልዲ የሚሞላ እንባ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ሚስኪን… ሚስኪን" አሉ።

ቢልልኝ ያን ዕለት ካርቱም ከገባ ጀምሮ ያልተኛውን እንቅልፍ ተኛ። ሰሙኝ አለ። ለካ ሙያ አገር አይለይም አለ።

በማግስቱ ሲገባ ኡስታ ሳዲቅ በር ላይ ጠበቀው። ከጎኑ ግማሽ ድረስ ብቻ የተሞላ የሲሚንቶ ከረጢት ቆሟል፤ በላዩ አንድ ብርጭቆ የወተት ሻይ ተቀምጧል። ሠራተኛው ሁሉ እየተንከተከተ ነው።

"ያ ሀበሻ" አለው ሳዲቅ፣ ጃፋር እየተረጎመ፤ "ሀጁ አዘዋል። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ ግማሽ ትሸከማለህ። መጀመሪያ ግን ወተትህን ጠጣ።"

ቢልልኝ ወደ ጃፋር ዞረ። "ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?"

"ያልከውን ነዋ ጋሼ! ተሸካሚው ደክሞታል፣ ካሁን በኋላ ከጫናችሁበት ወድቆ ይሞትባችኋል አልኩ። ሀጁ 'የትኛው ተሸካሚ?' አሉኝ። አንገትህን አየሁት…" ጃፋር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቀጭን ነገር አሳየ። "ራሱ ነው፣ አፍሮ ነው አልኳቸው።"

"ዓምዱን ነው እኮ ያልኩህ! ዓምዱን!"

"ታዲያ ዓምድ አትልም ነበር? በዐረብኛም ያው ዐሙድ አይደል እንዴ! 'ተሸካሚ' ያልከኝ አንተ!"

ቢልልኝ ከረጢቱ ላይ ቁጭ አለ። መሐንዲሶች እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ጭነት የሚይዘውን የሕንፃ ክፍል ተሸካሚ ይሉታል፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሲለው የኖረው ቃል ነው። በጃፋር እናት ጓዳ ውስጥ ግን ተሸካሚ ማለት ተሸካሚ ነው። በሁለቱ ቋንቋ አንድ የሆነው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ የሙያውን ቃል መርጦ በቤቱ ያለውን ሰባ ነፍስ ገደል ሰደደ። ወተቱን ጠጣው። ምን ያድርግ፣ ከተሰጠ በኋላ።

ሦስት ቀን ሙሉ ዐረብኛ ተለማመደ። በአራተኛው ቀን ጃፋርን ሳይዝ ራሱ ሀጁ ፊት ቆመ፤ ወደ ዓምዱ ጠቆመ።

"ያ ሀጅ። አል-ዐሙድ ታዕባን።" ዓምዱ ደክሟል ማለቱ ነው። በትክክል ነው ያለው፤ አንድ ፊደል አልሳተም።

ሀጅ ተውፊቅ በከዘራቸው ዓምዱን ኳ ኳ አደረጉት። ከዚያ በዚያው ከዘራ የራሳቸውን ጉልበት ኳ ኳ አደረጉ። "ኩለና ታዕባኒን፣ ያ ወለዲ" አሉ። ሁላችንም ደክሞናል ልጄ። "ጉልበቴን ታየዋለህ? ሐኪሙ አለቀልህ ካለኝ ስምንት ዓመቱ። ይኸው ቆሜያለሁ። እሱም ቆሟል።"

ኡስታ ሳዲቅ ከኋላ ሆኖ "ሠላሳ ዓመት ስሠራ ተመልሶ መጥቶ ቤትህ ወደቀብኝ ያለኝ ሰው የለም" አለ።

"የወደቀበት ሰው እንዴት ይመለሳል?" ሊል ፈለገ ቢልልኝ። ይህን የሚያህል ዐረብኛ አልነበረውም። የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ፤ ደረቱን መትቶ "አና ሙሀንዲስ!" አለ።

የሀጁ ፊት በራ። "ሙሀንዲስ ነህ? ባሽ ሙሀንዲስ! እስከዛሬ እንዴት አትነግረኝም?" ክንዱን ይዘው ወደ ጣራው አወጡት። ቢልልኝ አሁን የሚፈርሰውን ሊያሳዩኝ ነው አለ። ሀጁ አንድ የዛገ ሙከይፍ ፊት አቆሙት፤ ቤት የሚያቀዘቅዘውን የውሃ ማራገቢያ። "ከረመዳን ጀምሮ አይነፍስም" አሉት። "ያላ፣ ባሽ ሙሀንዲስ።"

ካርቱም ውስጥ ስልክ የሚጠግነውም፣ የሪክሻ፣ የእኛ ባጃጅ፣ ጎማ የሚነፋውም፣ የዲሽ ሰሃን ጣራ ላይ የሚያዞረውም ባሽ ሙሀንዲስ፣ ዋና መሐንዲስ፣ ይባላል። ያን ከሰዓት ቢልልኝ ሙከይፉ ሥር ተጋድሞ ዋለ። ይህን ካነፈስኩ ያምኑኛል ብሎ አሰበ። ሞተሩን ፈታ፣ አጸዳ፣ ገጠመ። ድልድይ የሚያስተኛ ሰው ነው እንግዲህ፤ ሽቦ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ማብሪያውን ሲጫን ሙከይፉ አንዴ አስነጠሰና ጭስ አወጣ፤ ጭሱን ያየ ሰው ኦምዱርማን ውስጥ እሳት አደጋ ጠርቷል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀለት። ሙከይፍ ያቃተው ሙሀንዲስ ስለ ዓምድ ያወራል ተብሎ ሠፈሩ ሁሉ ሳቀበት። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ባለፈ ቁጥር "ባሽ ሙሀንዲስ፣ ፉፉፉ!" ይሉታል።

አንድ መንገድ ቀርቶት ነበር። በሪክሻ እስከ ሱቅ ዐረቢ ሄዶ፣ ከዚያ በእግሩ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ነው የተባለ በር ፊት ደረሰ። የከሰል ስሌቱን ከነከረጢቱ አጣጥፎ በብብቱ ይዟል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ደህና ሰው ነበር፤ ፈገግ ብሎ፣ እንደ ወጉ ሰላምታውን ጨርሶ፣ "ኢቃማ?" ብሎ እጁን ዘረጋ።

ቢልልኝ መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ ጠይቆት ተመለሰ።

ሶሌታው፣ የላይኛው ፎቅ ወለል ማለት ነው፣ የሚሞላው ሰኞ ሆነ። ቢልልኝ ላለመሄድ አሰበ። ግን ባይሄድ በቦታው ሌላ ይሸከማል፤ ዓምዱም ማን እንደጫነበት አይጠይቅም። ሄደ። ግማሽ ከረጢት አልፈልግም ብሎ ሙሉውን ተሸከመ። በደረጃው በወጣ ቁጥር በናስራ መስታወት ውስጥ ራሱን ያያል፤ አመድ የመሰለ ፊት፣ ትከሻው ላይ ሃምሳ ኪሎ። በወጣ ቁጥር አእምሮው ሳይታዘዝ ይደምራል። ሃምሳ። መቶ። መቶ ሃምሳ። እጁን ይዞ የሚያስቆመው የለም። በዓለም ላይ ዓምዱ ስንት እንደቀረው የሚያውቅ አንድ ሰው እሱ ነው፤ የሚጭንበትም እሱ ነው። አገሩ እያለ እስክሪብቶ ወርውሮ ሦስት ፎቅ ሰማይ ላይ ያስቀረ እጅ፣ እዚህ ከረጢት ከመያዝ በቀር የሚወረውረው አልነበረውም።

አሥር ሺህ ከረጢት ተሸክሟል በዚያን ቀን። ቢበዛ ነው እንጂ አያንስም።

አሁን ጆሮ ማቅናት ያስፈልጋል።

ሐሙስ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የኖኅ ዓይነት ዝናብ ጣለ። የዴም መንገድ ባሕር ሆነ፤ ሪክሻዎች እንደ ዳክዬ ተንሳፈፉ። ውሃው ግቢው ውስጥ ገብቶ የዓምዱን እግር ሲልስ፣ ቢልልኝ አንድ ድምፅ ሰማ፤ ቲክ። ሌላ ሰው የሚሰማው ድምፅ አልነበረም። ግቢው መሃል ቆመና ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት! ነጎድጓዱ አፍሮ ዝም አለ። "ውጡ! መሐንዲስ ነኝ፣ ውጡ!" በአማርኛም፣ በዐረብኛም፣ በኦሮምኛም አለው። ያን ዕለት የሳቀበት አልነበረም። ሰባውም ሰው ፍራሹን ጥሎ ወጣ። ሀጅ ተውፊቅ በዚያ ጉልበታቸው ሮጡ። ኡስታ ሳዲቅ እግሩ ላይ ወደቀ። በመጨረሻ ቢልልኝ ራሱ ገብቶ፣ በአንድ ክንዱ አሚናን አቅፎ፣ በሌላው ናስራን እየጎተተ፣ ሶሌታውን በጀርባው ደግፎ ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆመ፤ ሁሉም መውጣቱን ቆጥሮ ካረጋገጠ በኋላ ነው የለቀቀው። ቤቱ ሲወርድ አቧራው ሁለቱን ዓባዮች ተሻግሯል። አንድ ሰው አልተጫረም። አንዲት ዶሮ እንኳ!

ባለፈው ጁምዓ ከሰዓት፣ ይህ ታሪክ እዚያው ዴም፣ እጅጋየሁ ሻይ ቤት እየተወራ እዚህ ላይ ሲደርስ፣ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ቢልልኝ ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ትከሻውን የሚስሙት አሉ፤ "ጀግና!" የሚሉት አሉ፤ ጃፋር ሻይ በእኔ ነው ብሎ አዟል። ቢልልኝ አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ፤ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ውስጡን ያይ ነበር።

በሩ አጠገብ አንዲት ሴት ዳቦ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች። ሻሿ ላይ የሳሙና አረፋ ደርቋል፤ ከሥራ ተመልሳ ዳቦ ልትገዛ የወጣች ናት። መቼ እንደገባች ያየ የለም። ናስራ ነበረች።

"ቤቱ እኮ አልወደቀም" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

"አልወደቀም" አለች ደግማ። "እዚያው ነው ያለነው። ያን ሐሙስም ዘንቦ አባራ፤ ማንም ውጡ ያለን የለም። የላይኛውም ፎቅ አልቆ ሰው ገብቶበታል። የጣቂያ ቆብ የሚሰፉ ልጆች ናቸው፤ ማሽን አስገብተዋል፤ ሲሰፉ እኛ ጋ ይሰማል።" ወደ ቢልልኝ ዞረች። "ሶሌታው የተሞላ ዕለት፣ ሰኞ፣ አንተ ስትሸከም ውለህ ውሃ ጠይቀኸኝ ሰጥቼሃለሁ፣ ጋሽ ቢልልኝ። ጠጥተህ አላህ ይስጥሽ አልከኝ። ሌላ ምንም አላልከኝም።"

ቢልልኝ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ይሄ ስለ ዓምዱ የሚያወሩት" አለች ናስራ፤ ዳቦውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች፤ "እውነት ነው እንዴ? አሚናን እዚያ አስተኝቻት ነው የመጣሁት።"